በሒሳብ ክፍል የሚሳቀው በማን ነው? «ሒሳብ ጨዋታ አይደለም» ለተባለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

«ሒሳብ ጨዋታ አይደለም» በሚል ርዕስ ሰሞኑን የወጣውን ጽሑፍ ደጋግሜ አነበብኩት። ጸሐፊው የሚሉት ባጭሩ ይኼ ነው፦ ልጆችን ሒሳብ በጠጠር፣ በወረቀት እጥፋትና በቀልድ ማስተማር የትምህርቱን ክብር ይቀንሳል፤ አባቶቻችን የተማሩት በቃል አጥንተው ነው፤ የፈተና ውጤት ባሽቆለቆለበት ዘመን ለጨዋታ የሚባክን ጊዜ የለም፤ ነገሩ ከውጭ የመጣ የሀብታም ትምህርት ቤት ፋሽን ነው፤ ቢበዛ ለመዋዕለ ሕፃናት ይሆን እንደሆነ እንጂ ለአልጀብራ አይሆንም። ጽሑፉ በጥሩ አማርኛ የተጻፈ ነው፤ ጸሐፊው ለልጆች እንደሚቆረቆሩም ያስታውቃል። የጻፉት ብዙ ወላጅ በሆዱ የያዘውን ነውና መልስ ይገባዋል። በእሳቸው ቅደም ተከተል እሄዳለሁ፤ አንዳንዱ ነጥብ ላይ እቆያለሁ፣ አንዳንዱን በሩጫ አልፈዋለሁ።

ስለ ክብርና ስለ ሳቅ

የመጀመሪያው ክሳቸው፣ ቀልድ የገባበት ክፍል ሥርዓት ያጣል፣ መምህሩም ይናቃል የሚል ነው። እኔ የማውቀው ደግሞ ሳቅ ከሒሳብ ክፍላችን ጠፍቶ እንደማያውቅ ነው። አንድ ልጅ ሰሌዳ ላይ ወጥቶ 7 ሲባዛ በ8 ሲጠፋው፣ ጠመኔውን ጨብጦ ሲቁለጨለጭ፣ ከኋላው ያለው ስልሳ ልጅ በሳቅ ያውካካል። አንዳንዴ ሳቁን የሚያስጀምሩት መምህሩ ራሳቸው ናቸው፤ «አንተማ ፍየል ብትጠብቅ ይሻልህ ነበር» ይሉና ክፍሉ ይናጋል። (ፍየል መጠበቅም ሒሳብ እንደሚጠይቅ፣ ማታ አንዷ የጎደለችበትን እረኛ መጠየቅ ነው።) ይህንን የሥርዓት መጥፋት ብሎ የጻፈ ሰው እስካሁን አላነበብኩም። እኔና ጸሐፊው የምንለያየው እንግዲህ በማን ይሳቅ በሚለው ላይ ነው።

ልጁን ትቶ በቁጥር መሳቅ እንዴት እንደሆነ አንድ ምሳሌ ልስጥ። አምስተኛ ወይም ስድስተኛ ክፍል ገብታችሁ ሰሌዳው ላይ እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦

1 ብር = 100 ሳንቲም
100 ሳንቲም = 10 ሳንቲም × 10 ሳንቲም
10 ሳንቲም × 10 ሳንቲም = 0.1 ብር × 0.1 ብር
0.1 ብር × 0.1 ብር = 0.01 ብር
0.01 ብር = 1 ሳንቲም

ከ1 ብር ተነሥተን 1 ሳንቲም ላይ ወደቅን። ልጆቹ መጀመሪያ ጸጥ ይላሉ። ቀጥሎ አንዱ «ቲቸር፣ ብሩን የት አደረሱት?» ይላል፤ ያኔ ሳቁ ይመጣል። «ለካ ኑሮ የተወደደው ለዚህ ነው» ያለም ልጅ አጋጥሞኛል። ከሳቁ በኋላ እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥ የለም፤ ሌባው መስመር ይፈለጋል። አንዱ አራተኛውን መስመር ይከስሳል፤ ጓደኛው 0.1 ሲባዛ በ0.1 በእርግጥም 0.01 መሆኑን ሠርቶ ያሳየዋል። ሌላዋ ሦስተኛውን ትይዛለች፤ 10 ሳንቲም 0.1 ብር መሆኑን ግን ራሷ ታምናለች። እየተጣሩ ሄደው በመጨረሻ ሁለተኛው መስመር ይያዛል። 10 ሳንቲም 10 ጊዜ ሲወሰድ 100 ሳንቲም ነው። 10 ሳንቲም በ10 ሳንቲም ሲባዛስ? ሜትር በሜትር ሲባዛ ካሬ ሜትር እንደሚሆን ሁሉ ሳንቲምም በሳንቲም ሲባዛ «ካሬ ሳንቲም» ሊሆን ነው፤ እሱን ደግሞ የሚቀበል ባለሱቅ የለም። ነጻ ወጥቶ የነበረው አራተኛው መስመርም ቁጥሩ ልክ ቢሆንም በዚሁ ጥፋት ይያዛል፤ ብር በብር ሲባዛ ብር አይሆንም። ቁጥር ከነመለኪያው ሲባዛ መለኪያውም አብሮ እንደሚባዛ በዚህ መንገድ ያየ ልጅ፣ ፊዚክስ ላይ ፍጥነትና ስፋት ሲመጡበት መለኪያ መጻፍ የመምህሩ አመል አይመስለውም።

ስለ ክብሩ ካነሣን፣ ሒሳብ ራሱ ከጨዋታ ጋር አብሮ በመቀመጡ አፍሮ አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ1654 የሒሳብ ሊቃውንቱ ፓስካልና ፌርማ የተጻጻፉት ሳያልቅ የተቋረጠ የቁማር ጨዋታ ገንዘብ ለተጫዋቾቹ እንዴት ይከፋፈል በሚል ጥያቄ ነበር፤ ዛሬ ኢንሹራንስ የሚተዳደርበት የዕድል ስሌት ያደገው ከዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1736 ሌላው የሒሳብ ሊቅ ኦይለር ያነሣው የኮኒግስበርግ ከተማ ጥያቄም የሽርሽር እንቆቅልሽ ነው፦ ሰባቱን ድልድዮች እያንዳንዱን አንድ ጊዜ ብቻ እየተሻገሩ መጨረስ ይቻላል ወይ? አይቻልም ብሎ ያረጋገጠበት መንገድ ዛሬ ለስልክና ለመንገድ መረብ የምንጠቀምበት ሒሳብ መነሻ ሆኗል። ከእነሱም በፊት፣ ከ3500 ዓመት በላይ ሆኖታል፣ አሕመስ የሚባል ግብጻዊ ጸሐፊ በገለበጠው ፓፒረስ (የደንገል ወረቀት) ላይ ሰባት ቤቶች፣ በየቤቱ ሰባት ድመቶች፣ ለየድመቱ ሰባት አይጦች እያለ የሚሄድ ስሌት አለ። መጨረሻ ላይ ቤቱን፣ ድመቱን፣ አይጡን፣ እህሉንና የእህሉን መስፈሪያ ሁሉ ደምሮ 19,607 ይላል። ድመትን ከአይጥ ጋር የሚደምር ሰው ለመንግሥት ሪፖርት አልነበረም የሚሠራው።

አባቶቻችን

ሁለተኛው ነጥብ የአባቶቻችንን ስም ይጠራልና ጠበቅ አድርጌ ልያዘው። ጸሐፊው የአብነት ትምህርት ቤትን የቃል ጥናት ምስክር፣ ባሕረ ሐሳብን (የአጽዋማትና የበዓላት ቀን የሚወጣበትን ስሌት) ደግሞ የዚያ ፍሬ አድርገው አቅርበዋል።

የአብነት ትምህርት ቤት ግን አንድ ክፍል ብቻ የለውም። ንባብ ቤትና ዜማ ቤት ቃል በቃል መያዝን ይጠይቃሉ፤ እውነት ነው። ቅኔ ቤት ሲገባ ሕጉ ይገለበጣል። ተማሪው ከአጭሩ የቅኔ ዓይነት ከጉባኤ ቃና ጀምሮ የራሱን አዲስ ቅኔ ቆጥሮ ለመምህሩ ያቀርባል፤ ሌላው የተናገረውን ቢደግም መሳቂያ ይሆናል። ሰምና ወርቁ ሲገጥምለት ጉባኤው ይደሰታል፤ ሳይገጥም ሲቀር መምህሩ እዚያው ያርሙታል። ከዚህ በላይ ጨዋታና ቁም ነገር የተጋቡበት ትምህርት ቤት አሳዩኝ። አባቶቻችንን የምንጠቅስ ከሆነ ንባብ ቤት ላይ አቁመን አንመለስ።

ወደ ባሕረ ሐሳብ ልምጣ፤ ትውፊቱ ለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ለድሜጥሮስ ወደሚሰጠው። ስሌቱን በቃል የያዘ ሰው እንዲህ ይላል፦ በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ጨምር፤ ድምሩን ለ19 አካፍል፤ ከቀሪው 1 አንሣ፤ ይህ ወንበር ነው። ወንበርን በ11 አባዝተህ በ30 ግደፍ፤ የቀረው አበቅቴ ነው። ወንበርን በ19 አባዝተህ በ30 ግደፍ፤ የቀረው መጥቅዕ ነው። የ2018ን እንሥራ። 7518 ለ19 ሲካፈል 13 ይቀራል፤ 1 ሲነሣለት ወንበር 12። 12 በ11 ሲባዛ 132፤ አራት ሠላሳ ሲገደፍ አበቅቴ 12። 12 በ19 ሲባዛ 228፤ ሰባት ሠላሳ ሲገደፍ መጥቅዕ 18። አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው 30።

ሁልጊዜ 30 ይሆናሉ (ወንበር 0 በሆነበት ዓመት መጥቅዑ 30 ይባላል)። በቃል ያጠና ሰው ይህንንም በቃል ያውቀዋል። ለምን? ይህን የሚጠይቅ ልጅ ካለን በግቢው መሬት ላይ ትልቅ ክብ እንሥራና ከ0 እስከ 29 ሠላሳ ምልክት እናድርግበት። ሁለት ልጆች 0 ላይ ይቁሙ። መምህሩ «ዓመት!» ባሉ ቁጥር አንደኛው 11 ምልክት ወደፊት ይዝለል፤ ሁለተኛዋ ደግሞ 19። እሱ 11፣ 22፣ 3፣ 14 እያለ ይሄዳል፤ እሷ 19፣ 8፣ 27፣ 16። የቆሙበት ቁጥር ይደመር፤ 30፣ 30፣ 30፣ 30። ሦስት አራት «ዓመት» ካለፈ በኋላ ከዳር ሆኖ የሚያይ አንድ ልጅ መጮኹ አይቀርም፦ «እሷ እኮ ወደኋላ ነው የምትሄደው!» ልክ ነው። በ30 ክብ ላይ 19 ወደፊት መዝለልና 11 ወደኋላ መዝለል አንድ ቦታ ያደርሳሉ። ሁለቱ ልጆች ከአንድ ቦታ ተነሥተው በእኩል ፍጥነት በተቃራኒ አቅጣጫ እየዞሩ ነው፤ ድምራቸው ከ30 ሊያመልጥ አይችልም። ይህ ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ በቀሪ የሚሠራ ሒሳብ ተብሎ በትልልቅ ምልክቶች የሚጠብቃቸው ነገር ነው፤ እዚህ በእግራቸው ሠርተውታል።

ዝላዩን አታቁሙ፤ ዋናው ነገር ገና ነው። ልጁ 18 ጊዜ ሲዘል 18 ላይ ይደርሳል። አንድ ጊዜ ቢጨምር 29 ላይ ያርፋል፤ 0 ለመድረስ አንድ እርምጃ ጎደለው። ሊቃውንቱ ግን 19 ዓመት ሲሞላ አበቅቴን ከ0 ነው የሚጀምሩት። ያቺን አንድ እርምጃ ማን ሰጣቸው? እዚህ ላይ ጨዋታው ወደ ሰማይ ይወጣል። 12 የጨረቃ ወር 354 ቀን ገደማ ነው፤ ከፀሐይ ዓመት በ11 ቀን ያንሳል፤ የ11ዱ ዝላይ ምክንያት ይኸው ነው። ፀሐይና ጨረቃ ደግሞ በየ19 ዓመቱ ተመልሰው ይገናኛሉ፤ ስለዚህ ስሌቱ በመጨረሻው ዓመት ከ11 ፈንታ 12 ዘሎ ዙሩን ይዘጋል። አባቶች ቁጥርን ከሰማይ ጋር እንዲህ አስታርቀው ያቆሙትን ነገር እኛ «አጥና፣ ጥራ» ብለን ለልጅ ብንሰጠው፣ ያወረስነው መልሱን ብቻ ነው።

የዘመን አቆጣጠራችንን ካነሣሁ አይቀር አንድ ነገር ጣል ላድርግ፤ ጨዋታ ለሚወድ መምህር የተሠራ ይመስላል። 12ቱ ወሮች እኩል 30 ቀን ናቸው፤ 30 ማለት አራት ሳምንትና 2 ቀን ነው። ስለዚህ አንድ ወር ባለፈ ቁጥር ዕለቱ በ2 ይገፋል። የ2018 መስከረም 1 ሐሙስ ዋለ። ጥምቀት፣ ጥር 11፣ መቼ ይውላል? ከመስከረም እስከ ጥር አራት ወር፣ 8 ቀን ግፊት፤ ከ1 እስከ 11 ደግሞ 10፤ ድምሩ 18። ከ18 ሁለት ሳምንት ሲነሣ 4 ይቀራል። ከሐሙስ አራት ቀን ቆጥሮ ሰኞ። ሦስተኛ ክፍል ያለች ልጅ ይህን ከያዘች በኋላ የዘመዱን ሁሉ ልደት እየጠየቀች ቤቱን ታስቸግራለች። ፈረንጆቹ ወሮቻቸው 28፣ 30፣ 31 እየሆኑባቸው ይህን ጨዋታ በእጅጉ ከባድ በሆነ መንገድ ነው የሚጫወቱት።

የፈተናው ውጤትና ማባዣው

ሦስተኛው ክርክር ከሁሉም ጠንካራው ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና ወስደው 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ እንደነበሩ ጠቅሰው፣ ይህን እያየን ስለ ጨዋታ ማውራት ቅንጦት ነው ይላሉ። ቁጥሮቹ ልክ ናቸው፤ የሁሉም ትምህርት ውጤት እንጂ የሒሳብ ብቻ እንዳልሆኑ ብቻ ይያዝልኝ። ግን እነዚያ ልጆች በምን የተማሩ ይመስላቸዋል? ጠጠር ሲደረድሩና ወረቀት ሲያጥፉ ነው 12 ዓመት የጨረሱት? ሰሌዳ ሲገለብጡ፣ ቀመር በቃል ሲይዙ፣ ያልገባቸውን ሳይጠይቁ ነው ያደጉት። ጨዋታ ባልተሞከረበት ቤት የተገኘ ውጤት ጨዋታን ሊያስከስስ አይችልም። ጨዋታ ቢገባ ኖሮ ሁሉም ያልፍ ነበር ብዬም አልምልም፤ የመጽሐፍ እጥረቱ፣ የመምህሩ ኑሮ፣ የተቋረጠው ትምህርት፣ ሁሉም ድርሻ አለው።

በማባዣው ላይ ግን ከጸሐፊው ጋር ነኝ። 7 ሲባዛ በ8 ስንት ነው ሲባል በጣቱ የሚቆጥር የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ክፍልፋይ ላይ ሲደርስ ይሰምጣል። ማባዣ በቃል መያዝ አለበት። ጥያቄዬ ስንቱን ነው የሚል ነው።

ከ1 እስከ 10 ያለው ሰንጠረዥ 100 ሳጥን አለው። አንድ ልጅ 100 ነገር በቃል ያዝ ሲባል ቢፈራ አይፈረድበትም። ሰንጠረዡን ራሱ ወረቀት ላይ ይጻፈውና ከላይኛው ግራ ጥግ እስከ ታችኛው ቀኝ ጥግ በሚሄደው መስመር ላይ ይጠፈው። 3 ሲባዛ በ7 ከ7 ሲባዛ በ3 ጋር ይሳሳማሉ፤ 4 ሲባዛ በ6 ከ6 ሲባዛ በ4 ጋር። 100 የነበረው 55 ሆነ፤ በአንድ እጥፋት ግማሽ ያህሉ ዕዳ ተሰረዘ። የ1ንና የ10ን የማያውቅ የለም። የ2 ራስን በራስ ላይ መደመር ነው። የ5 የ10 ግማሽ ነው። የ9 ደግሞ በእጃችን ላይ ተጽፏል፤ አሥሩን ጣቶች ዘርግታችሁ፣ 9 ሲባዛ በ7 ከሆነ ከግራ ሰባተኛውን ጣት እጠፉ። ከታጠፈው ግራ 6፣ ቀኝ 3፤ 63። (ለምን እንደሚሠራ ለሚጠይቅ ልጅ፦ 70 ላይ 7 ሲነሣ አንዱ አሥር ይፈርስና 6 አሥርና 3 ይቀራል።) እነዚህ ሁሉ ሲወጡ የቀሩት 3፣ 4፣ 6፣ 7 እና 8 እርስ በርሳቸውና ከራሳቸው ጋር ሲባዙ የሚገኙት 15 ናቸው። አሥራ አምስት ነገር! እሱን በቃል ያዝ ብትሉት «ይኼ ብቻ ነው?» ይላችኋል። ጊዜ አባካኙ የትኛው እንደሆነ ወላጅ ይፍረድ።

የውጭ ፋሽን፣ የሀብታም ነገር

ይህን በአጭሩ ልለፈው፤ ጸሐፊውም ብዙ አልቆዩበትም። ገበጣ ከየትም አልመጣብንም። ባለ 12 ጉድጓድ ገበጣ ላይ 15 ጠጠር ካለበት ጉድጓድ ተነሥቶ የመጨረሻዋ ጠጠር የት እንደምታርፍ ሳይነካ የሚያውቅ ልጅ፣ 12ን ጥሎ 3ን እየቆጠረ ነው፤ ባሕረ ሐሳቡ ላይ ሠላሳ የገደፍነው በዚሁ ዘዴ ነው። ብይ ማዕዘን ያስተምራል፤ ሰኞ ማክሰኞም መሬት ላይ የተሣለ የቁጥር መስመር ነው። ቆርኪ ከግሮሰሪ ደጃፍ በነጻ ይለቀማል።

በዓለም ላይ ደግሞ ኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍ የሚማሩ ሰዎች «የኢትዮጵያ ማባዛት» የሚሉትን ዘዴ ለልምምድ ይጽፉታል። 17ን በ23 ለማባዛት በአንድ ወገን 17ን እየገመሱ፣ ትርፉን እየጣሉ መውረድ ነው፤ 17፣ 8፣ 4፣ 2፣ 1። በሌላው ወገን 23ን እጥፍ እያደረጉ መውረድ፤ 23፣ 46፣ 92፣ 184፣ 368። በግራ ጎዶሎ ቁጥር ባለበት አንጻር ያሉትን ብቻ መደመር፤ 23 ሲደመር 368፣ 391። መግመስና ማጠፍ የሚችል ሰው ማባዣ ሳያውቅ አባዛ። የአሕመስ ፓፒረስም የሚያባዛው በማጠፍ ነው። የእኛን ስም የያዘውን ዘዴ የእኛ ልጆች ከሌላ አገር ሰው እንዲሰሙት ማድረግ ነው እንግዲህ የውጭ ፋሽን።

በ70 ተማሪ ክፍል ጩኸት እንደሚበዛ ግን አልክድም። ርዕሰ መምህሩም መጥተው በሩን ያንኳኳሉ። ጥንድ ጥንድ አድርጎ ማስቀመጥና መሥሪያውን ቀድሞ ማደል ጩኸቱን ይቀንሰዋል፤ አያጠፋውም።

አንድ ልክ የሆኑበት ነገር

ጸሐፊው በጽሑፋቸው መሃል በጨረፍታ ያለፉት አንድ ዐረፍተ ነገር አለ፤ አንዳንድ መምህራን ከረሜላ እያደሉና እያስጨበጨቡ ክፍለ ጊዜውን ይጨርሱታል የሚል። ይህን እኔም አይቻለሁ፤ እንዲያውም ከእሳቸው በላይ ያናድደኛል። ኳስ እየተወራወሩ «5 ሲደመር 3» መባባል ኳስ ነው፣ ሒሳቡ ያው የድሮው ነው። መፈተኛው ቀላል ይመስለኛል፦ ጨዋታውን አውጥታችሁ ሒሳቡ ብቻውን ከቀረ፣ ጨዋታው ማሸጊያ ነበር። የብሩን ስሌት ግን ከቀልዱ ለዩት፤ አይለይም። የሠላሳውን ክብ ከዝላዩ ለዩት፤ እሱም አይለይም። ጸሐፊው ይህን ለይተው ቢጽፉ ኖሮ ይህን ምላሽ አልጽፍም ነበር።

አልጀብራ ላይ ሲደረስ

የመጨረሻ ነጥባቸው ጠጠርና ወረቀት ለሕፃን ነው፣ አልጀብራና ጂኦሜትሪ ሲመጣ ይቆማል የሚል ነው። እኔ ደግሞ በብዛት የሚያስፈልገው እዚያ ነው እላለሁ። ልጆቻችን ከሒሳብ የሚኮራረፉት «ኤክስ» የምትባለው ፊደል በመጣች ዕለት ነውና።

የክብሪት ቀፎ አምጡ። ክፍሉን እንዲህ በሉት፦ አንድ ቁጥር አስቡ፣ አትንገሩኝ። እጥፍ አድርጉት። 10 ጨምሩ። ለሁለት ግመሱት። መጀመሪያ ያሰባችሁትን ቀንሱ። አሁን ሁላችሁም 5 ይዛችኋል። ክፍሉ ይንጫጫል፤ አንዱ ጠንቋይ ይላችኋል፣ ሌላው 1000 አስቦ እንደገና ይሞክራል፣ ሦስተኛዋ ግማሽ አስባ ልታሳስታችሁ ትሞክራለች፤ ለሁሉም 5 ነው። አሁን ጥንቆላውን ግለጡ። የታሰበው ቁጥር በክብሪት ቀፎ ውስጥ ተዘግቷል፤ ስንት እንዳለበት አናውቅም። እጥፍ ሲባል ሁለት ቀፎ። 10 ሲጨመር ሁለት ቀፎና 10 ጠጠር። ሲገመስ አንድ ቀፎና 5 ጠጠር። ያሰባችሁትን ቀንሱ ሲባል ቀፎው ተነሣ። ጠረጴዛው ላይ 5 ጠጠር ቀረ። ቀፎው አንዴም አልተከፈተም!

ሰሌዳው ላይ በቀፎው ፈንታ «ኤክስ» ብትጽፉ አሁን የሚደነግጥ የለም፤ ስንት እንዳለው ሳያውቁ እንደሚሠሩበት አይተዋል። ቀጥሎ የቤት ሥራው፦ መጨረሻው 7 የሚሆን የራሳችሁን ጥንቆላ ሠርታችሁ ኑ፤ እናታችሁ ላይ ሞክሩት። በማግስቱ 14 የጨመሩ ይመጣሉ፤ በሦስት አባዝተው 21 የጨመሩም ይመጣሉ፤ መጨረሻው አልገጥም ያላቸውም ይመጣሉ፤ ከእነዚህ ጋር የሚደረገው ፍለጋ ከየትኛውም መልመጃ የበለጠ አልጀብራ አለበት። ከመጽሐፉ የሚገለበጥ 20 ጥያቄ እናት ላይ ሲሞከር አላየሁም።

ስለ ካሬ ቁጥሮችም እንዲሁ ነው፤ አንድ ቆርኪ አስቀምጡ፣ በሁለት ጎኑ 3 ዙሩበት፣ ቀጥሎ 5፣ ቀጥሎ 7። በየደረጃው የሚወጣው እኩል ጎን ያለው አራት ማዕዘን ነው፤ 1፣ 4፣ 9፣ 16። የጎዶሎ ቁጥሮች ድምር ካሬ መሆኑን ማረጋገጥ ለምንለው ትልቅ ነገር ቆርኪው ራሱ ይበቃል። ክብ ሲመጣ ደግሞ የእንጀራ ምጣድ፣ ሰሐንና ስኒ ይቅረቡ፤ ዙሪያቸው በክር ተለክቶ ክሩ በመሃላቸው ይዘርጋ። ትልቁም ትንሹም ሦስት ጊዜና ትንሽ ትርፍ ነው። ያቺን ትንሽ ትርፍ እየተከራከሩ ለመለካት ሲታገሉ 3.14 ከየት እንደመጣ ይገባቸዋል።

ጸሐፊው አሁንም ይህ ሁሉ የልጅ ነገር ነው የሚሉ ከሆነ፣ ለአዋቂ የሚሆን ልጨምርላቸው። ረጅም ቀጭን ወረቀት ይቁረጡ፤ አንዱን ጫፍ ግማሽ ዙር ጠምዝዘው ከሌላው ጫፍ ጋር ያጣብቁት። ሞቢየስና ሊስቲንግ የተባሉ ሁለት ጀርመናውያን እ.ኤ.አ. በ1858 ለየብቻቸው የደረሱበት ቀለበት ነው፤ አንድ ፊት ብቻ አለው። በእርሳስ መሃሉን እየተከተሉ ቢያሰምሩ እርሳሱ ሳይነሣ ወደተነሡበት ይመለሳሉ፤ ወረቀቱ በሁለቱም በኩል ተሰምሮ ይገኛል። ያንን መስመር ተከትለው በመቀስ ሲቆርጡት ሁለት ቀለበት ይጠብቃሉ፤ የሚወጣው አንድ ረጅም ቀለበት ነው። ከዚያ ሌላ አዲስ ይሥሩና፣ በዚህኛው መሃሉን ትተው ከጠርዙ የወርዱን ሲሶ ያህል ገባ ብለው ዙሩ እስኪያልቅ ይቁረጡ። መቀሱን ከማንሣታቸው በፊት ምን እንደሚወጣ ግምታቸውን ወረቀት ላይ እንዲያሰፍሩ እጠይቃለሁ። በሚቀጥለው ጽሑፋቸው ግምታቸውንም የወጣውንም ያሳዩን፤ አብረን እንስቃለን።